የሰው አገር ደመና ጠባቂ

የራሱን ሰማይ ትቶ የሰው ሰማይ ሲጠብቅ የከረመ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ይኸው እኔ አለሁላችሁ። ኦክላንድ ተቀምጬ የሃዋይን ደመና ስጠብቅ የሰነበትኩ ሰው ነኝ። ደመናው አያውቀኝም፣ እኔም በአካል አላውቀውም። ግን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ከሚስቴ በፊት የማየው እሱን ነበር። ሚስቴ ይህን አልወደደችውም። እደርስበታለሁ።

ብጀምርም አንድ ቦታ ረግቼ የማወራ ሰው አይደለሁምና ታገሡኝ። ልጅ ሆኜ "ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" እያሉ ይተርቡኝ ነበር። አሁን በግንዱ ፋንታ ኮንቴይነር ይዤ እዞራለሁ። ሥራዬ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር እየጫንኩ በየመጋዘኑ ማድረስ ነው። ሰው የትራክ ሥራ መንዳት ይመስለዋል። መንዳቱ ትንሹ ነው፣ ትልቁ ሥራ ወረፋ ነው። ወደቡ በር ላይ ሞተር አስነሥተህ ትቆማለህ፣ ትንሽ ፈቀቅ ትላለህ፣ ደግሞ ትቆማለህ። እንደ እኔ ያለውን ቁንጥንጥ እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጦ ስልክ መስጠት፣ ለሕፃን ልጅ ክብሪት እንደመስጠት ነው።

የነገሩ መነሻ የባለቤቴ የአስቴር ሥራ ነው። አስቴር ሳን ሆዜ ውስጥ ሚስ ዶሮቲ የምትባል አሮጊት ቤቷ እየሄደች ትንከባከባለች። የሚስ ዶሮቲ ኑሮ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ነው። ዘመዶቿ ይደውላሉ እንጂ አይመጡም። ያደገችው ሃዋይ ውስጥ፣ ትልቁ ደሴት ላይ፣ በምሥራቅ በኩል ባለች አንዲት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ወሬዋም ሁሉ እሱ ነው። ድንጋዩ ጥቁር ነው፣ ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ወደ ባሕሩ ያዘነበለ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። አስቴር ቤት ስትገባ ለእኔና ለልጃችን ለሜሮን ትደግምልናለች። እውነቴን ነው፣ ከገዛ አያቴ ስም ይልቅ ስለዚያ ዛፍ ብትጠይቁኝ አብጠርጥሬ እነግራችኋለሁ።

አንድ ቀን ሚስ ዶሮቲ የአስቴርን እጅ ያዘችና፣ "እኔን ሐኪሞቹ አውሮፕላን ከልክለውኛል። አንቺ ሂጂና እግርሽን እዚያ ውሃ ውስጥ ንከሪልኝ። በስልክሽ ቀድተሽ አምጪልኝና ልየው" አለቻት። አስቴርም እሺ አለች።

አስቴር እሺ ካለች ደግሞ አለቀ። ከተጋባን ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር ለራሷ ብላ ወስዳ የማታውቅ ሴት፣ ለአሮጊቷ ቃሏን ለመጠበቅ ብላ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠየቀች። ቲኬት ቆረጥን። የዚያን ዕለት እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ "ስማኝ" አለችኝ፤ "ሚስ ዶሮቲ እንደ ድሮዋ አይደለችም። ምግብ እየተወች ነው። ይህን ቪዲዮ ሳታይ አንድ ነገር ብትሆን ዕድሜ ልኬን ነው የሚቆጨኝ።"

"አይዞሽ፣ እኔ አለሁ!" አልኳት።

መቼም ጥፋቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። እኔ አለሁ ያለ ሰው አንድ ነገር መሥራት አለበት። አስቴር ሻንጣ ታዘጋጃለች፣ ሜሮን የዋና ልብስ ትመርጣለች፣ እኔስ ምን ልሁን? የአየሩን ሁኔታ ላጣራ አልኩ። ወንድ ልጅ ቤት ውስጥ ሥራ ሲያጣ ወይ ቲቪ ይነካካል፣ ወይ የአየር ሁኔታ ያያል።

የዚያ ደሴት ትንበያ ለካ በክፍል በክፍል ነው የሚወጣው። ምዕራቡ ለብቻው፣ ተራራው ለብቻው፣ ምሥራቁ ለብቻው። ወደቡ በር ላይ ወረፋ ይዤ ምዕራቡን ከፈትኩት፤ ፀሐይ በፀሐይ። ተራራውን ከፈትኩት፤ ብርድና ጭጋግ፣ እሱስ ይሁን። ምሥራቁን ስከፍት ደመና፣ ከደመናው ሥር ጠብታ። ሰኞ ጠብታ፣ ማክሰኞ ጠብታ፣ ረቡዕ ጠብታ ከነመብረቁ። የሚስ ዶሮቲ ዛፍ ያለው ደግሞ ምሥራቅ ነው።

እዚያው ትራኩ ውስጥ፣ በድሮ ዜና አንባቢ ድምፅ ለራሴ አነበብኩት። "በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ክፍል ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ይውላል። ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ እርጥበት ያዘለ አየር ስለሚያመጣ በአብዛኛው ስፍራ ዝናብ ይጥላል።" በቃ፣ ከኋላዬ ያለው ሾፌር ጥሩንባውን ሲያስጮኸው ነው ወረፋው ጥሎኝ መሄዱን ያወቅኩት።

ሪችመንድ የሚኖር ተስፋዬ የሚባል የሥራ ጓደኛ አለኝ። እሱን ባላማክር ጥሩ ነበር።

"ሃዋይ?" አለኝ፤ "ወንድሜ፣ እዚያ ዝናብ ከላይ ብቻ መሰለህ እንዴ የሚመጣው? ከጎንም ይመጣል!"

"ሄደህ ታውቃለህ?"

"አልሄድኩም። የሄደ ሰው የሚያውቅ ሰው ግን አውቃለሁ።"

እንዲህ ያለውን ምስክር ፍርድ ቤት አይቀበልም፣ እኔ ግን ተቀበልኩ። በዚያው ሳምንት ለሦስታችንም የዝናብ ልብስ ገዛሁ። ለአስቴር ቦቲ ጫማ ጨመርኩ። ዣንጥላ ደግሞ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለስልክም የሚሆን ትንሽዬ አገኘሁ። ሜሮን ይህን ሁሉ ሳሎን ተዘርግቶ ስታየው፣ "ዳድ፣ ኢትስ አን አይላንድ" አለችኝ። "እዛ ሁልጊዜ ይዘንባል፣ ላይክ፣ ፋይቭ ሚኒትስ። ከዛ ያቆማል። ጀስት ሪላክስ።"

"አምስት ደቂቃው የሐበሻ አምስት ደቂቃ ቢሆንስ?" አልኳት። የሐበሻ አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ከእኔው ቤት ነው የተማረችው።

ቪዲዮው የሚቀዳው በአስቴር ስልክ ስለሆነ፣ ስልኩ ዝናብ ይችል እንደሆነ መሞከር አለበት አልኩ። በፌስታል ጠቅልዬ ሻወር ሥር ያዝኩት። ፌስታሉ ለካ ቀዳዳ ኖሮበታል። ስልክ ውሃ ሲገባው ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ግን ሩዝ አልቋል። ቤታችን ውስጥ የማያልቀው የጤፍ ዱቄት ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ቀበርኩት። አስቴር ሊጥ ልታቦካ ዱቄቱን ስትዝቅ የገዛ ስልኳን አወጣች። ስልኩን ለሜሮን ሰጠቻት፤ ሜሮንም በስንጥር የቻርጀሩን ቀዳዳ ስትጎረጉር ዋለች። ስልኩ ተርፏል፤ ቻርጅ ሲሰካበት ግን እስካሁን ጤፍ ጤፍ ይሸታል።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ይሄ ገና መግቢያው ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን በስልክ የምንገናኝበት የጸሎት መስመር አለን። ሁሉም ከያለበት ይደውላል፣ ከሳን ሆዜም ከሳን ፓብሎም። የሚመሩት ሳን ሆዜ የሚኖሩት ሽማግሌያችን ጋሽ ግርማ ናቸው። ታዲያ አስቴር "ስለ መንገዳችን ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" ብላ አስጠንቅቃኛለች። የእኛ ሰው እንደሆነ መንገድ መሄዱን የሚናገረው ተመልሶ ሻንጣውን ከፈታ በኋላ ነው። እኔ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ትንበያው ብሶበት ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ሚውቴን ከፈትኩ።

"ጋሽ ግርማ፣ የጸሎት ርእስ ነበረኝ።"

"ተናገር ልጄ።"

"በሃዋይ ደሴት፣ በምሥራቅ በኩል፣ ዝናቡ እንዲያቆም ነው።"

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ "ሄሎ?" አልኩ።

"አለን፣ አለን" አሉ ጋሽ ግርማ። "ጎርፍ ሰው ወስዶ ነው?"

"አይ፣ አልወሰደም። እኛ ለዕረፍት ልንሄድ ነው።"

"ሃዋይ!" ሲል ሰማሁ አንዱ፣ ሚውት ማድረግ የረሳ። ይህን ጊዜ የጋሽ ግርማ ባለቤት እትዬ አበባ ቀበል አደረጉ። እትዬ አበባ ሲጸልዩ ስልኩን ከጆሮ ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል። "እኛ እዚህ ምድሩ ደርቆ፣ ኮረብታው በእሳት ጋይቶ፣ ዝናብ ስጠን እያልን ስንጮኽ ከርመናል" አሉ። "ወንድማችን ደግሞ አቁምልን ይላል። ምን ይደረግ እንግዲህ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እናቅርበው።" አቀረቡትም። "ጌታ ሆይ፣ የዚያን ደሴት ዝናብ ከዚያ አንሣና ወደዚህ ወደ እኛ አምጣልን!"

መስመሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ "አሜን!" አለ። ከሁሉ አብልጬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ይህቺን አሜን ያዙልኝ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በማግሥቱ የአስቴር ስልክ ዕረፍት አጣ። አንዷ "አስቱ፣ ደበቅሽን አይደል?" ትላለች። አንዷ "የአክስቴ ልጅ እዚያ አለች፣ ትንሽ በርበሬ ብቻ ነው የምታደርሺልኝ" ትላለች። ትንሹ በርበሬ መጣ፤ ሻንጣውን ግማሽ ያዘ። ሽሮም ተከተለው። የአክስቷ ልጅ የምትኖረው ሌላ ደሴት ላይ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ላኪዋ ሴትዮ ግን "ያው ሃዋይ አይደል እንዴ? ብቅ በሉና ስጧት" አለች፤ በባሕር ላይ ብቅ የሚባል ይመስል።

እኔ በዚህ መሐል ደመናዬን አልተውኩም። አስቴር ሥራ ላይ ሆና እየደወልኩ "ነፋሱ ዞረ!" እላታለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ "ጨምሯል!" እላታለሁ። አንድ ቀን ስልኩን ዘጋችብኝ። የሚቀጥለው እሑድ ከአምልኮ በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ግርማና እትዬ አበባ ቆመዋል፣ ጋሽ ግርማ የሽምግልና ኮታቸውን ለብሰዋል። አስቴር ናት የጠራቻቸው።

ተቀመጥን። ጋሽ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "በይ አስቴር፣ ምን አጠፋ? ጠጥቶ ገባ?" አሏት።

"አልጠጣም።"

"ሰደበሽ?"

"ኧረ በፍጹም።"

"ታዲያ ምን አደረገ?"

"ዝናብ ያያል።"

ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን አወለቁ። "ስንት ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። በዝናብ ተጣልቶ የመጣብኝ ግን የለም" አሉ።

መሳቅ ዳድቶኝ ነበር። አስቴር ስትናገር ግን ሳቄን ተውኩት። "ጋሽ ግርማ፣ እኔ ወጣ ብዬ የማውቅ ሰው አይደለሁም" አለች። "ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ሚስ ዶሮቲን ስመግብ ራሱ ልቤ እዚያ ነበር። እሱ ግን በየሰዓቱ እየደወለ ያቺን ደስታ አጠፋብኝ። አሁን መሄዱንም ጠላሁት። ቲኬቱ ይመለስ፣ እሷንም አልቻልኩም ብዬ ልንገራት።" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እናንተዬ፣ በጣም ደነገጥኩ። የፈራሁት ዝናብ እንዳያስቀርብን ነበር፤ ለካ ሊያስቀረን የነበረው እኔው ነኝ።

ጋሽ ግርማ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ፣ ስታየው ይቀንሳል?"

"አይቀንስም።"

"ባታየው ይጨምራል?"

"አይጨምርም፣ ጋሽዬ።"

"ታዲያ ምን ልትሆን ነው የምታየው?" አሉኝና ፈረዱ። "ሄዳችሁ ተመልሳችሁ እኔ እስክፈቅድልህ ድረስ የአየር ሁኔታ የሚባል ነገር አታይም። አትጠይቅም። ሰው ሲያወራም ተነሥተህ ትሄዳለህ። ቃል ግባ።" በሽማግሌ ፊት ቃል ገባሁ። ሜሮን ስልኬን ተቀብላ የትንበያውን አፕ አጠፋችልኝ። እትዬ አበባም ሲወጡ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉና፣ "ዝናቡን ለእኛ ተወው" አሉኝ።

ቃል ከገባሁ ደግሞ እኔም ቀላል ሰው አይደለሁም። መለወጤን ለማሳየት የዝናብ ልብሱን፣ ቦቲውን፣ ዣንጥላዎቹን ሁሉ ጠቅልዬ ለተስፋዬ ሰጠሁት። ራዲዮው ስለ አየር ሊያወራ ሲል እዘጋዋለሁ። ተስፋዬ ወደብ ላይ "ስማ፣ ስለሚመጣው—" ሲለኝ ሁለት ጆሮዬን ደፍኜ "እንዳትነግረኝ!" እያልኩ ትራኬ ውስጥ ገባሁ። ጎረቤታችን በሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ሲደረድር አየሁት፤ ግንባታ ሊጀምር ነው ብዬ አለፍኩ። ፍሪዌዩ ላይ ያለው የመብራት ጽሑፍ ስለ ዝናብ ሲጀምር ፊቴን አዞርኩ፤ ለትራክ ሹፌር ይህ አይመከርም። አንድ ምሽት ስልኬ ያለ ወትሮው ጩኸቱን ለቀቀው። "ሜሮን፣ አጥፊልኝ!" አልኩ።

"ዳድ፣ ዩ ሹድ ሪሊ ሲ ዲስ።"

"በሽማግሌ ፊት ቃል ገብቻለሁ!"

"ኦኬ" አለችና ትከሻዋን ነቀነቀች። አስቴር ደግሞ ከፈቃዷ በፊት ድርብ ሽፍት ስለምትሠራ፣ ቤት የምትገባው ለመተኛት ብቻ ነበር።

የመሄጃችን ጠዋት ደረሰ። አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሼ፣ ነጠላ ጫማ ተጫምቼ፣ የገለባ ባርኔጣ ደፍቼ በሩን ከፈትኩ። ዝናብ! ዝናብ ስላችሁ ደግሞ የመንጠባጠብ ዓይነት አይደለም፣ በባልዲ የሚደፋ ዓይነት ነው። መንገዱ ወንዝ ሆኗል። የጎረቤቴ የአሸዋ ከረጢት ጎርፍ መከላከያ፣ የስልኬም ጩኸት የማዕበል ማስጠንቀቂያ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ባርኔጣዬን ነፋሱ ወስዶት እስካሁን አላየሁትም።

ሻንጣ እየጎተትን መኪና ውስጥ ስንገባ በስብሰናል፤ በርበሬውም ርሶ መኪናው ውስጥ ሁላችንም ማስነጠስ ጀመርን። ወደ አየር ማረፊያው የሚወስደው ፍሪዌይ ውሃ ሞልቶት መኪናው ሁሉ ቆሟል። ቤይ ኤሪያ ውስጥ ያለ ሰው በሙሉ ይህን ማዕበል ከሳምንት በፊት ያውቅ ነበር፤ የሰው ደሴት ዝናብ በቃሉ ከሚያውቀው ከእኔ በቀር። በዚያ መሐል ስልኬ ጮኸ። እትዬ አበባ ናቸው።

"ሃሌሉያ!" አሉ። "አየኸው? መጣልን እኮ!"

"አየሁት፣ እትዬ አበባ። መንገድ ዘግቶብናል።"

"ስሙ ይባረክ!" አሉኝ።

ያቺ አሜን ትዝ አለችኝ። ማን በዚያ ሁሉ ድምፅ ጩኽ አለኝ?

አውሮፕላኑ አመለጠን። አየር ማረፊያው ወለል ላይ የራሰ ነጠላ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። አስቴር አልተቆጣችኝም፣ ይሄ ነው የባሰው። "ትናንት ሾርባዋን ስሰጣት አፏን ዘጋች" አለችኝ በቀስታ። "ስትመለሺ እበላለሁ አለችኝ።" የማደርገው ጠፍቶኝ ተነሣሁና ካውንተር ላይ ያለችውን ሠራተኛ መለማመጥ ጀመርኩ። ስለ ሚስ ዶሮቲ ነገርኳት፣ ስለ ዛፉ ነገርኳት፣ ስለ እትዬ አበባ ጸሎትም ነገርኳት። ሴትዮዋ አምናኝ ይሁን ልትገላገለኝ አላውቅም፣ በማግሥቱ የሚነሣው ላይ ሦስት ቦታ አገኘችልን።

ደሴቲቱ ላይ ደረስን። ምሥራቁን ያዝን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ይዘንባል! ልሸሽጋችሁ አልችልም፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል። "አላልኩም?" ማለት አማረኝ፤ የአስቴርን ፊት አይቼ ዋጥኩት።

ዳርቻዋን አገኘናት። ጥቁሩ ድንጋይ አለ፣ ዛፉም እንዳዘነበለ አለ። አስቴር ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

"ቆይ! ምን ልታደርጊ ነው?" አልኳት። "ፀሐይ እስክትወጣ እንጠብቅ እንጂ! አሮጊቷ ይህን ሁሉ ጠብቃ ጭጋግ ታሳያታለሽ?" አልሰማችኝም። በቀሚሷ ውሃው ውስጥ ገባች። ያኔ ትዕግሥቴ አለቀ። ወደ ሰማይ ቀና ብዬ፣ "አንተ ቀዳዳ ሰማይ! ወንፊት! ማነው የበሳህ? ሰው በአንድ ሳምንት ፈቃድ መጥቶ፣ ትንሽ አታፍርም? ደሞ ሞቅ አድርጎ ይዘንባል! የሾርባ ውሃ ይመስል! ዋ፣ እትዬ አበባን እጠራልሃለሁ!" እያልኩ ስጮኽ ሜሮን ከኋላዬ ስልኳን ይዛ ትስቅ ነበር።

አስቴር ግን ዝናቡ ውስጥ ቆማ ፊቷን ወደ ላይ አቅንታ ትስቅ ነበር። እንደዚያ ስትስቅ ከሠርጋችን ቀን ወዲህ አይቻት አላውቅም። ለአሮጊቷ የሚሆነው ግን የፀሐይ ነው ብዬ ድርቅ አልኩ። በየቀኑ እየተመላለስን ዛፉ ሥር ቆምን። በመጨረሻው ቀን ደመናው ገለጥ ሲል "ግቢ! ግቢ!" ብዬ አስቴርን ወደ ውሃው አስሮጥኳት። ጤፍ ጤፍ በሚሸተው ስልክ ቀዳሁ። ውሃው ያበራል፣ እግሯ ይታያል፣ ለፖስት ካርድ የሚሆን ቪዲዮ ነበር።

ስንመለስ ቅዳሜ ነበር። እኔም ሜሮንም አስቴርን ተከትለን ሳን ሆዜ ሄድን። ይህን ሁሉ ደክሜ የአሮጊቷን ደስታ ሳላይ አልቀርም። ሚስ ዶሮቲ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ እጆቿ ከብርድ ልብሱ በላይ ወጥተው እንደ ደረቀ ጭራሮ ቀጥነዋል። አስቴር ስልኩን ፊቷ ላይ ያዘችላት። አየችው። እስከ መጨረሻው አየችውና፣ "ያምራል" አለች። "ግን ይሄ የኔ ቦታ አይደለም። የኔ ቦታ እንዲህ አያበራም። እናንተ ምዕራቡ ነው የሄዳችሁት።"

"እዚያው ነው፣ ሚስ ዶሮቲ! ዛፉን አላየሽውም?"

"እንዲህ ያለ ዛፍ ሞልቷል" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አስቴር ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ወደ እኔ እንኳ አላየችም። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ፀሐይ ካልወጣች ብዬ ያን ሁሉ ቀን ያስጠበቅኩት እኔ፣ አሮጊቷ ያመነቻትን አስቴርን ውሸታም አደረግኳት።

ይህን ጊዜ ሜሮን ስልኳን አወጣች። "ሚስ ዶሮቲ፣ እኔም አንድ አለኝ" አለቻት በእንግሊዝኛ፣ "ግን አባቴ ይጮኻል።" ከፈተችው። መጀመሪያ የመጣው ምስሉ ሳይሆን ዝናቡ ነው፣ በዛፉ ሰፊ ቅጠል ላይ ሲወርድ የሚሰማው። አሮጊቷ ከግድግዳው ዞረች።

"ድምፁን ጨምሪው" አለች።

ሜሮን ጨመረችው። ሚስ ዶሮቲ ዓይኗን ጨፈነች። "ይሄ ነው" አለች። "እናቴ ያሰጣችውን ልብስ ልታስገባ ስትሮጥ። በቃ ይሄ ነው።" ዓይኗን ስትገልጥ እንባዋ ጉንጯ ላይ ወርዷል። አስቴርም ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ቪዲዮው ውስጥ ያለሁት እኔ ግን አላለቀስኩም፤ እዚያ በሙሉ ድምፄ ሰማዩ ላይ ስድብ እያወረድኩበት ነው።

"ሰውየው ምን እያለ ነው?" አለች ሚስ ዶሮቲ።

አስቴር አየችኝ። በዚያ ሁሉ ሳምንት ያልቀመስኩት ቁጣ አሁን ሊመጣ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

"ዝናቡን እያመሰገነ ነው" አለቻት።

ሚስ ዶሮቲ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቀች። "አባቴም ዝናብ ሲመጣ ልክ እንዲህ ነበር የሚጮኸው" አለች። "እሱ ግን ይሳደብ ነበር።" ከዚያ ሾርባዋን ጠየቀች።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ሲቀርብ ያ ቪዲዮ ካልተከፈተ አፏን አትከፍትም። የእኔ እርግማን በየቀኑ ሳን ሆዜ ውስጥ ለምሳ ይቀርባል ማለት ነው። ጋሽ ግርማ ይህን ሲሰሙ ከቃሌ ነጻ አወጡኝ፤ ሰማይ እንዳይ ፈቀዱልኝ፣ በልክ። በቀደም ወደቡ በር ላይ ወረፋ ይዤ ሳለሁ አስቴር ደወለችልኝ። "ዛሬ ጨረሰችው" አለችኝ። "ሌላ ምስጋና የለውም ወይ ብላሃለች።"

ቀና ብዬ አየሁ። በኦክላንድ በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነው። ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር የትራኩን መስኮት ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ስልኬን ወደ ውጭ አወጣሁ፣ መቅጃውን ነካሁና ባለ በሌለ ድምፄ ስድቤን ጀመርኩ።